የእንግሊዝኛ ገላጭ ዓረፍተ ነገር አሠራር፦ ከአገናኝ ግሥ እስከ መስተዋድድ

ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ቦታ ወይም ስለ ራሳችን ስሜት በእንግሊዝኛ ስንናገር ከምንጠቀምባቸው ዓረፍተ ነገሮች እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት በአንድ ቅርጽ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱ ይመጣል፤ ቀጥሎ እንደ «ነው» ያለው አገናኝ ግሡ፣ ከዚያ የቅጽሉን መጠን የሚናገረው ተውሳከ ግሥ፣ ከዚያ ገላጩ ቃል ማለትም ቅጽሉ ራሱ ይቀመጣል፤ መጨረሻ ላይ እንደ «በ» እና «ከ» ያለው መስተዋድድ ስሙን ይዞ ይከተላል። «ሐረር ኢዝ ቬሪ ፌመስ ፎር ኢትስ ኮፊ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ሐረር በቡናዋ በጣም የታወቀች ናት» ማለት ሲሆን፣ እነዚህን ክፍሎች ሁሉ በዚሁ ቅደም ተከተል ይዟል። ይህን አንድ ቅርጽ በሚገባ የያዘ ሰው ከተማውን ለእንግዳ መግለጽ፣ በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ራሱ መናገር፣ ለፈተናም አንቀጽ መጻፍ ይችላል።

በድሬዳዋ በሆቴልና በባቡር ጣቢያ የሚሠሩ፣ በሐረርም በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያስጎበኙ ወጣቶች እንግሊዝኛ ሲናገሩ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ቃላቱን በብዛት ያውቋቸዋል፣ የሚቸግራቸው የቃላቱ አቀማመጥና ከቅጽሉ በኋላ የምትገባው ትንሿ ቃል ናት። እኔ አጥብቄ የማምነው ቅጽልና መስተዋድድ ተነጣጥለው መጠናት እንደሌለባቸው ነው። «ፌመስ» የሚለውን ቃል ያጠና ተማሪ «ፌመስ ፎር» ብሎ ካልያዘው ቃሉን ገና በግማሽ ነው ያወቀው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚህ እምነት ላይ ተመሥርቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከግሡ ጀምሮ ክፍል በክፍል ይሠራል።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በግእዝ ፊደል ያሰፈርኳቸው ጮክ ብለው እንዲያነቧቸው ነው። በደብተርዎ ሲያሰፍሯቸው ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው፤ አጻጻፋቸውንም ከመዝገበ ቃላት ጋር ያመሳክሩ።

አንደኛ ደረጃ፦ ግሡን ከመጨረሻ ወደ ሁለተኛ ቦታ ማምጣት

በአማርኛ «ነው»፣ «ናት» እና «ናቸው» ዓረፍተ ነገር የሚዘጉ ቃላት ናቸው። ከዚራ ስለሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር «ከዚራ ጸጥ ያለ ነው» ስንል ማሰሪያው መጨረሻ ድረስ ይቆያል። በእንግሊዝኛ የዚህ ቃል አቻ ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለሚገባ «ከዚራ ኢዝ ኳየት» ይባላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ባለቤቱን እንደጠሩ፣ ሌላ ቃል ሳያስቀድሙ፣ ወዲያው ግሡን መጥራት ነው። ከ«አይ» ጋር «አም»፣ ከ«ሂ»፣ ከ«ሺ» እና ከ«ኢት» ጋር «ኢዝ»፣ ከ«ዊ»፣ ከ«ዩ» እና ከ«ዜይ» ጋር «አር» ይሄዳል። ላለፈ ጊዜ «አም» እና «ኢዝ» ወደ «ዎዝ»፣ «አር» ደግሞ ወደ «ወር» ይለወጣሉ።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ቢመስልም፣ አማርኛ ስሜትንና የሰውነትን ሁኔታ በአብዛኛው የሚናገረው በግሥ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቅፋት ያጋጥማል። «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል»፣ «ደስ ብሎኛል»፣ «ፈርቻለሁ» የምንላቸው ሁሉ ያለ «ነው» የሚቆሙ ናቸው። በእንግሊዝኛ እያንዳንዳቸው ለአገናኝ ግሥና ለቅጽል ይከፈላሉ፦ «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ሃፒ»፣ «አይ አም አፍሬይድ»። አንዳንድ ተማሪ «አይ ሃፒ» ብሎ «አም» የሚለውን የሚጥለው በአማርኛው ውስጥ ለ«አም» የሚሆን ቦታ ስለማያገኝለት ነው። በተቃራኒው፣ ራሱ ግሥ በሆነ ቃል ላይ አገናኝ ግሥ የሚጨምሩም አሉ፤ «እስማማለሁ» ለማለት «አይ አም አግሪ» ይላሉ። «አግሪ» ግሥ ስለሆነ «አይ አግሪ» ብቻ ይበቃዋል።

በ«ኢዝ» ቦታ የሚገቡ ሌሎች አገናኝ ግሦችም አሉ። «ሲም» መምሰልን፣ «ቢካም» እና «ጌት» ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መለወጥን፣ «ስቴይ» እና «ሪሜይን» ባሉበት መቆየትን ይናገራሉ። የስሜት ሕዋሳት ግሦችም እዚሁ ይመደባሉ፦ «ሉክ» ለዓይን፣ «ሳውንድ» ለጆሮ፣ «ስሜል» ለአፍንጫ፣ «ቴስት» ለምላስ፣ «ፊል» ለአካልና ለልብ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. በደረሰበት ቦታ ስለሆነ፣ ስለ ከተማዋ ታሪክ የሚናገር ሰው «ድሬዳዋ ቢኬም ቬሪ ኢምፖርታንት ፎር ትሬድ» ቢል፣ «ድሬዳዋ ለንግድ በጣም አስፈላጊ ሆነች» ማለቱ ነው፤ «ቢኬም» የ«ቢካም» ያለፈ ጊዜ ነው።

የስሜት ሕዋሳት ግሦች ሁለት ጠባይ ስላላቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ሂ ሉክድ አንግሪ» ማለት «የተቆጣ ይመስል ነበር» ማለት ነው፤ «ሂ ሉክድ አንግሪሊ አት ሚ» ግን «በቁጣ ተመለከተኝ» ማለት ነው። በመጀመሪያው «ሉክድ» አገናኝ ስለሆነ ቅጽል ተከተለው፤ በሁለተኛው ድርጊት ስለሆነ ተውሳከ ግሥ ተከተለው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግሡን አንሥተው በቦታው «ኢዝ» ወይም «ዎዝ» ያስገቡ። «ዘ ኮፊ ስሜልስ ጉድ» በሚለው ውስጥ «ኢዝ» ቢገባ «ዘ ኮፊ ኢዝ ጉድ» ይሆናል፤ ትርጉሙ ስለማይናጋ ግሡ አገናኝ ነው። «ሺ ስሜልስ ዘ ኮፊ» በሚለው ውስጥ ብናስገባው «እሷ ቡናው ናት» የሚል የማይሆን ነገር ይመጣል፤ ስለዚህ እዚህ ማሽተት ድርጊት ነው። ስለ ምግብ ሲናገሩ «ዘ ፉድ ቴስትስ ዌል» ማለት ስሕተት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከአገናኝ ግሥ በኋላ የሚገባው «ጉድ» የተባለው ቅጽል ነው። «አይ ፊል ዌል» ግን ትክክል ነው፤ እዚያ «ዌል» «ጤነኛ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ሆኖ ስለሚያገለግል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ቅጽሉን መምረጥ

የእንግሊዝኛ ቅጽል ለጾታም ሆነ ለብዛት አይለወጥም። አማርኛ «አዲስ» ብሎ «አዳዲስ»፣ «ረጅም» ብሎ «ረጃጅም» ስለሚል አንዳንድ ተማሪ «ዘ ዎልስ አር ኦልድስ» ይላል፤ ግንቦቹ ቢበዙም «ኦልድ» እንዳለ ይቆያል።

ከዚህ የከበደው በ«ድ» እና በ«ኢንግ» የሚጨርሱትን መንትያ ቅጽሎች መለየት ነው። በ«ድ» የሚጨርሰው ስሜቱ ያደረበትን፣ በ«ኢንግ» የሚጨርሰው ስሜቱን የሚያሳድረውን ይገልጻል። «አይ አም ቦርድ» ማለት «ሰልችቶኛል» ማለት ሲሆን «አይ አም ቦሪንግ» ማለት «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ማለት ነው። በቅጥር ቃለ መጠይቅ «በዚህ ሥራ ላይ ፍላጎት አለኝ» ለማለት የሚፈልግ ሰው «አይ አም ቬሪ ኢንተረስትድ ኢን ዚስ ጆብ» ማለት አለበት። ሁለቱ መንትዮች የሚወስዱት መስተዋድድም ይለያያል፤ «ኢንተረስትድ» «ኢን» ይወስዳል፣ «ኢንተረስቲንግ» ደግሞ ስሜቱ ከሚያድርበት ሰው ጋር በ«ቱ» ይገናኛል፤ «ዘ ዎልስ ኦፍ ሐረር አር ኢንተረስቲንግ ቱ ቪዚተርስ» እንደሚባለው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የተውሳከ ግሡን ቦታ መያዝ

«ቬሪ»፣ «ሪሊ»፣ «ኳይት»፣ «ፌርሊ»፣ «ኤክስትሪምሊ» እና «አ ቢት» የቅጽሉን መጠን የሚናገሩ ናቸው፤ ቦታቸውም ከቅጽሉ በፊት ነው። «ድሬዳዋ ኢዝ ኤክስትሪምሊ ሆት ኢን ሜይ» ማለት «ድሬዳዋ በግንቦት እጅግ ሞቃት ናት» ማለት ነው። ከእነዚህ የሚለየው «በቂ» የሚል ትርጉም ያለው «ኢነፍ» ነው፤ እርሱ ሁልጊዜ ከቅጽሉ በኋላ ይመጣል። «ዘ ሩም ኢዝ ቢግ ኢነፍ ፎር ስሪ ጌስትስ» ማለት «ክፍሉ ለሦስት እንግዶች ይበቃል» ማለት ሲሆን፣ «ኢነፍ ቢግ» ብሎ ማስቀደም ስሕተት ነው።

ድግግሞሽን የሚናገሩት «ኦልዌይስ»፣ «ዩዡሊ»፣ «ኦፍን» እና «ኔቨር» ከ«ኢዝ» በኋላ፣ ከመጠን ገላጩ ግን በፊት ይገባሉ። ቀፊራ ስለሚባለው የድሬዳዋ ገበያ «ቀፊራ ኢዝ ኦልዌይስ ቬሪ ክራውድድ» ስንል «ቀፊራ ሁልጊዜ በጣም የተጨናነቀ ነው» ማለታችን ነው። ግሡ ከ«ኢዝ» ወገን ካልሆነ ግን ድግግሞሹ ግሡን ይቀድመዋል፤ «ሺ ኦልዌይስ ሉክስ ታየርድ» ይባላል። አሉታም በዚሁ መንገድ ይለያል። ከ«ኢዝ» በኋላ «ኖት» ብቻ ይጨመራል፤ ከሌሎቹ ጋር፣ ባለቤቱ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» ሲሆን፣ «ዳዝ ኖት» ከግሡ ፊት ይገባና ግሡ «ስ» የተባለውን መጨረሻውን ይጥላል፤ «ሺ ዳዝ ኖት ሉክ ቬሪ ሃፒ»።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናየው አንድ ጉዳይ አለ። በሁለት «ኦ» የሚጻፈው «ቱው» ድምፁ ከመስተዋድዱ «ቱ» ጋር አንድ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ለመለየት ብቻ «ቱው» ብዬ ጽፌዋለሁ። ብዙ ሰው «ቱው» እና «ቬሪ» ሁለቱም «በጣም» ማለት ናቸው ብሎ ያጠናና እያቀያየረ ይጠቀምባቸዋል። «ቬሪ» መጠኑ ከፍ ያለ መሆኑን ብቻ ሲናገር፣ «ቱው» መጠኑ ከሚፈለገው አልፎ ችግር ማስከተሉን ይናገራል። የሆቴል እንግዳ «ዘ ሩም ኢዝ ቬሪ ሆት» ካለ ሙቀቱን እየገለጸ ሊሆን ይችላል፤ «ዘ ሩም ኢዝ ቱው ሆት» ካለ ግን ማራገቢያ ወይም ሌላ ክፍል እየጠየቀ እንደሆነ ወዲያው መረዳት ያስፈልጋል። ከ«ቱው» በኋላ የማይቻለው ነገር ሊጨመር ይችላል፤ «ዘ ቲ ኢዝ ቱው ሆት ቱ ድሪንክ» ማለት «ሻዩ ሊጠጣ እስከማይቻል ድረስ ሙቅ ነው» ማለት ነው። ጀጎልን እያስጎበኙ «ሐረር ኢዝ ቱው ቢውቲፉል» ማለት ደግሞ ውበቷ ጉዳት ያመጣ ያስመስለዋል፤ ለምስጋና «ቬሪ» ወይም «ሪሊ» ይጠቀሙ።

ሁለት ነገሮችን ስናወዳድር «ቬሪ» ቦታውን ለ«ማች» ይለቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በአየር ጠባያቸው ይለያያሉ፤ ይህንንም «ድሬዳዋ ኢዝ ማች ሆተር ዛን ሐረር» ብለን እንገልጻለን። «ቬሪ ሆተር» አይባልም። እንደ «ደሊሸስ» እና «ኤግዞስትድ» ያሉት፣ «እጅግ» የሚለውን ትርጉም በውስጣቸው የያዙ ቅጽሎችም ከ«ቬሪ» ይልቅ «አብሶሉትሊ» ወይም «ሪሊ» ይስማማቸዋል።

አራተኛ ደረጃ፦ መስተዋድዱን ከቅጽሉ ጋር ማጥናት

የመመሪያው ዋና ጉዳይ ይህ ነው። የእንግሊዝኛ መስተዋድዶችን ለብቻቸው ደርድሮ «ኢን ማለት ውስጥ፣ ኦን ማለት ላይ፣ አት ማለት ዘንድ» እያሉ ማጥናት የዕቃን ቦታ ለመናገር ይጠቅማል፤ ከቅጽል በኋላ የሚመጣውን ለመምረጥ ግን ምንም አይረዳም። ከቅጽል በኋላ የሚገባውን የሚወስነው ቅጽሉ ራሱ ነው። ሆኖም አማርኛ ተናጋሪ የሚያስበው ከራሱ ቋንቋ ተነሥቶ ስለሆነ፣ ከአማርኛው መስተዋድድ ጀምረን እያንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ ብናይ ስሕተቱን ከመነሻው እንይዘዋለን።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው «በ» ነው፤ አንዱ «በ» በእንግሊዝኛ ቢያንስ ስድስት መንገድ ይይዛል። ችሎታ ሲሆን «አት» ይሆናል፤ «በሒሳብ በጣም ጎበዝ ናት» ለማለት «ሺ ኢዝ ቬሪ ጉድ አት ማትስ» እንላለን፤ «ባድ አት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዝና ሲሆን «ፌመስ ፎር» ይሆናል። ኩራት ሲሆን «ፕራውድ ኦፍ» ነው፤ «ዊ አር ፕራውድ ኦፍ አወር ሲቲ» ማለት «በከተማችን እንኮራለን» ማለት ነው። በአንድ ነገር መርካት «ሳቲስፋይድ ዊዝ» ወይም «ፕሊዝድ ዊዝ» ይባላል። በሀብት መበልጸግ «ሪች ኢን»፣ በአንድ ነገር መገረም ደግሞ «ሰርፕራይዝድ ባይ» ይሆናል። በመሞላት ጊዜ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «ፉል» «ኦፍ» ይወስዳል፣ «ክራውድድ» እና «ከቨርድ» ግን «ዊዝ» ይወስዳሉ። «ዘ ባስኬት ኢዝ ፉል ኦፍ ማንጎስ» ብለን፣ ስለ ገበያው ስንናገር «ዘ ማርኬት ኢዝ ክራውድድ ዊዝ ፒፕል» እንላለን።

ሁለተኛው «ከ» ነው፤ ግማሹ ተስማሚ፣ ግማሹ አሳሳች ነው። መለየትና መራቅ እንደ አማርኛው ይሄዳሉ፦ «ከዚራ ኢዝ ኳይት ዲፈረንት ፍሮም መጋላ» (መጋላም የድሬዳዋ ሰፈር ነው)፣ «ሐረር ኢዝ ኖት ፋር ፍሮም ድሬዳዋ»። ርቀቱን በቁጥር ሲናገሩ ግን «ፋር» ይወጣል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ «ሐረር ኢዝ አባውት ፊፍቲ ኪሎሜትርስ ፍሮም ድሬዳዋ» ይባላል እንጂ «ፊፍቲ ኪሎሜትርስ ፋር» አይባልም። «ከ» እና «ጋር» ተጣምረው ሲመጡ ብዙዎች ወዲያው «ዊዝ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። «ከሐረር ልጅ ጋር ተጋብታለች» ለማለት «ሺ ኢዝ ማሪድ ቱ አ ማን ፍሮም ሐረር» እንላለን፤ «ከ… ጋር ይመሳሰላል» የሚለውም «ሲሚላር ቱ» ነው። ለቅርበት «ክሎስ ቱ» ስንል፣ «ኒር» ግን ራሱ መስተዋድድ ሆኖ ስለሚያገለግል ሌላ አይጨመርበትም፤ «ዘ ሆቴል ኢዝ ኒር ዘ ስቴሽን» ይበቃል።

ሦስተኛው በአማርኛ መስተዋድድ የሌለው፣ ስሙ የተሳቢነት «ን» ብቻ የሚይዝበት ወይም ያንንም የማይዝበት ነው። «ጅቦቹን ይፈራሉ» ስንል በአማርኛው ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር መስተዋድድ የለም፤ ስለዚህ ተማሪው «አፍሬይድ ዘ ሃይናስ» ብሎ ይተወዋል። በሐረር የጅብ ማብላቱን ትርኢት ለሚያስጎበኝ ሰው ትክክለኛው «ቱሪስትስ አር ኦፍን አፍሬይድ ኦፍ ዘ ሃይናስ» ነው። «ልጆችን ትወዳለች» የሚለውን በቅጽል ከገለጽነው «ሺ ኢዝ ፎንድ ኦፍ ችልድረን»፣ «ችግሩን ያውቃል» የሚለውን «ሂ ኢዝ አዌር ኦፍ ዘ ፕሮብለም» እንለዋለን። በእነዚህ ሁሉ «ኦፍ» መደጋገሙን ልብ ይበሉ፤ መስተዋድድ የሌለው የአማርኛ ግሥ በእንግሊዝኛ ቅጽል ሲገለጽ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እርሱ ነው። ሁልጊዜ የሚሠራ ሕግ ባይሆንም፣ በተጠራጠሩ ጊዜ ከማናቸውም ግምት የተሻለ ግምት ነው።

«ለ» በጥቅምና በዝግጅት «ፎር» ይሆናል፤ «ጉድ ፎር ሄልዝ»፣ «ሬዲ ፎር ዘ ኤግዛም»፣ «ሪስፖንሲብል ፎር ዘ ኪስ»። የመጨረሻው «ለቁልፎቹ ኃላፊ» ማለት ነው። ለሰው የምናሳየውን ጠባይ ስንናገር ግን «ለ» ወደ «ቱ» ይሄዳል፤ «ካይንድ ቱ»፣ «ሩድ ቱ»፣ «ፖላይት ቱ ጌስትስ»። «ስለ» ምንም አያስቸግርም፤ ለጭንቀትም ለጉጉትም «አባውት» ይበቃዋል፣ «ወሪድ አባውት» እና «ኤክሳይትድ አባውት» እንደሚባለው።

አንዳንድ ቅጽል ከአንድ በላይ መስተዋድድ ይይዛል፣ ትርጉሙም አብሮ ይለወጣል። «ጉድ አት» ችሎታ፣ «ጉድ ፎር» ጥቅም፣ «ጉድ ቱ» ደግነት፣ «ጉድ ዊዝ ችልድረን» ደግሞ ልጆችን መያዝ ማወቅ ነው። «አንግሪ ዊዝ» ሰውየውን፣ «አንግሪ አባውት» ያስቆጣውን ጉዳይ ያስከትላል። «ታየርድ ፍሮም ዘ ጆርኒ» ያለ ሰው መንገዱ አድክሞታል፤ «ታየርድ ኦፍ ዘ ጆርኒ» ያለው ግን መንገዱ ሰልችቶታል። ይህን ልዩነት የማያውቅ አስተናጋጅ ዕረፍት የሚፈልገውን እንግዳ የተማረረ አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከመስተዋድዱ በኋላ የሚገባውን ማስተካከል

ከመስተዋድድ በኋላ ስም፣ ተሳቢ ተውላጠ ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚጨርስ የግሥ ስም ይገባል። ተውላጠ ስም ከሆነ «ፕራውድ ኦፍ ሂም» እንጂ «ፕራውድ ኦፍ ሂ» አይባልም። ድርጊት ከሆነ ደግሞ «መሸጥ»፣ «መናገር» የምንላቸው በ«ኢንግ» ይገለጻሉ፤ «ሺ ኢዝ ጉድ አት ሴሊንግ ስፓይስስ» ማለት «ቅመም በመሸጥ ጎበዝ ናት» ማለት ነው። «ጉድ አት ቱ ሴል» የሚለው ሁለት ነገር የደባለቀ ስሕተት ነው።

«ቱ» እዚህም ያሳስታል፤ አንዳንዴ መስተዋድድ፣ አንዳንዴ የግሥ መነሻ ስለሚሆን። «አይ አም ሃፒ ቱ ሄልፕ» ሲባል የግሥ መነሻ ነው፤ ቀጥሎ ግሡ እንዳለ ይመጣል። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዘ ሂት» ሲባል ግን መስተዋድድ ነው፤ «ሙቀቱን ለምጄዋለሁ» ማለት ሲሆን፣ ድርጊት ቢጨመርበት «አይ አም ዩዝድ ቱ ዎኪንግ ኢን ዘ ሂት» ይሆናል። ያለ «አም» የሚመጣው «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ሐረር» ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ «ቀድሞ ሐረር እኖር ነበር» ማለት ነው። አንዲት «አም» ያለፈውን ኑሮ ከልማድ ትለያለች።

ጊዜና ቦታ የሚናገር ሌላ መስተዋድድ ካለ ከቅጽሉ መስተዋድድ በኋላ ይቀመጣል። «ቀፊራ ኢዝ ዩዡሊ ክራውድድ ዊዝ ሾፐርስ ኢን ዘ ሞርኒንግ» በሚለው ውስጥ «ዊዝ» የ«ክራውድድ» ነው፣ ስለዚህ ከእርሱ አይለይም፤ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» የመላው ዓረፍተ ነገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መጠየቅ

ለጥያቄ «ኢዝ» ከባለቤቱ ፊት ይወጣል፤ «ኢዝ ሐረር ፋር ፍሮም ሂር?»። አዳጋቹ «በምን?»፣ «ማንን?»፣ «ከምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። በአማርኛ መስተዋድዱ ከመጠየቂያው ቃል ጋር ተጣብቆ ይቀድማል፤ በዕለታዊ እንግሊዝኛ ግን ከቅጽሉ ሳይለይ መጨረሻ ላይ ይቀራል። «ሐረር በምን ትታወቃለች?» ለማለት «ዋት ኢዝ ሐረር ፌመስ ፎር?» እንላለን፤ «ምን ትፈራለህ?» ለማለት «ዋት አር ዩ አፍሬይድ ኦፍ?» እንላለን። ጎብኚዎች የሚጠይቁት በዚህ መልክ ስለሆነ፣ ይህን ቅርጽ ያልለመደ አስጎብኚ ጥያቄው ሳያልቅ የተቋረጠ ይመስለዋል። መልሱ ከጥያቄው ውስጥ ቅጽሉንና መስተዋድዱን ይወስዳል፤ «ኢት ኢዝ ፌመስ ፎር ኢትስ ዎልስ ኤንድ ኢትስ ኮፊ»። ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2006 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ይህንንም ቀጥሎ በሌላ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይቻላል።

የልምምዱ አካሄድ

ለእያንዳንዱ ቅጽልና መስተዋድድ ጥንድ በደብተርዎ አንድ ቦታ ይስጡ፤ ርእሱንም «አፍሬይድ ኦፍ»፣ «ሲሚላር ቱ» እያሉ በጥንድ ይጻፉ እንጂ ቅጽሉን ብቻውን አያስፍሩ። ከሥሩ ስለ ቤትዎ፣ ስለ ሥራዎ ወይም ስለ ሰፈርዎ እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ፤ እውነት የሆነው ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ከተቀዳው ይልቅ በአእምሮ ይቆያል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ያሳድጉት። «ዘ ጌስት ኢዝ ሳቲስፋይድ» ብለው ይጀምሩ፤ «ዘ ጌስት ኢዝ ቬሪ ሳቲስፋይድ» ብለው መጠኑን ይጨምሩ፤ «ዊዝ ዘ ሩም» ብለው መስተዋድዱን ከነስሙ ያስከትሉ። ቀጥሎ ግሡን ብቻ እየለወጡ «ሉክስ»፣ «ሲምስ» እና «ዎዝ» ያስገቡበት፤ ወደ አሉታና ወደ ጥያቄም ይለውጡት። ሁለት ሆነው የሚያጠኑ ከሆነ አንዱ አማርኛውን ይናገር፣ ሌላው ደብተር ሳያይ በእንግሊዝኛ ይመልስ፤ መልሱን ሲያርሙም ከሁሉ አስቀድመው መስተዋድዱን ይመርምሩ።

የአንድ ቅጽል መስተዋድድ ሲያጠራጥርዎ የአማርኛ ፍቺውን ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት አይበቃም፤ ለተማሪዎች የተዘጋጀውንና ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለውን ይመልከቱ፣ መስተዋድዱንም ከምሳሌው ውስጥ ይቅዱ። በጥቂት ቅጽሎች ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ይለያያሉ። «ዲፈረንት» የሚለውን በብሪታንያ «ዲፈረንት ቱ»፣ በአሜሪካ ደግሞ «ዲፈረንት ዛን» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከውጭ እንግዳ አፍ ሲሰሙት ስሕተት ነው ብለው አያርሙት። በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ያለው «ዲፈረንት ፍሮም» ስለሆነ፣ እርስዎ በፈተና ወረቀትም ሆነ በሥራ ደብዳቤ ላይ እርሱን ይጻፉ።